የጓሮው ዙሪያ ስንት ሜትር ነው?

ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር



በወልቂጤም በቡታጅራም፣ በከተማም በገጠርም፣ በየጣቢያው ተሰብስባችሁ ወይም በየቤታችሁ ሬዲዮ ከፍታችሁ የምታዳምጡ ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ንግግር በኋላ ከወረቀት ላይ የምታነቡም እንደምን አላችሁ? እናንተ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቁጥር ሲመጣ ቆም በሉና በደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ዛሬ የምንማረው ስለ ዙሪያ ነው። የአንድ አራት ማዕዘን ቦታ ዙሪያው ስንት እንደሆነ እንዴት እናውቃለን? በትምህርት ቤት መጽሐፍ ይህ «መጠነ ዙሪያ» ይባላል። እኛ ዙሪያ ብንለው ይበቃናል።

መጀመሪያ አንድ ገመድ ፈልጉ። የቃጫ ገመድ ቢሆን ጥሩ ነው። እንሰት ባለበት ቤት ቃጫ አይጠፋም። የናይለን ገመድም ይሆናል፤ ግን ናይለን ሲስቡት ይለጠጣል። ለልክ ብዙም አይታመንም።

ገመዱ ከተገኘ በየሜትሩ ምልክት እናድርግበት። ሜትር የሌለው ሰው ከልብስ ሰፊ ይዋስ። ግን ተጠንቀቁ! አብዛኛው የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ማለት 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 100 የሚለው ቁጥር ላይ አቁሙ። እስከ ጫፉ ድረስ ከወሰዳችሁት አንድ ሜትር ተኩል ትሆናላችሁ፤ ልካችሁ ሁሉ ይበላሻል።

ምልክቱን በቋጠሮ አታድርጉት። ቋጠሮ ገመዱን ያሳጥረዋል። በየሜትሩ ቀይ ክር እሰሩበት፤ እሱ ይሻላል።

«በክንድ ብንለካስ?» የሚል ይኖራል። ቀድሞ አባቶቻችን በክንድ፣ በስንዝርና በእርምጃ ይለኩ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ለራሱ ሲለካ ችግር የለውም። ችግሩ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ነው። የገዢው ክንድ ረጅም ነው፤ የሻጩ ክንድ አጭር ነው። ጭቅጭቁ ከዚያ ይመጣል። ሜትር ግን ወልቂጤም ቡታጅራም፣ አዲስ አበባም ያው አንድ ሜትር ነው።

አሁን አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

በቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት አውቃለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጓሮአቸው በእንሰት የተሞላ ነው። አጥሩ ግን አርጅቶ ወድቋል። የጎረቤት ጥጆች እየገቡ ለጋ ለጋውን እንሰት ይበሉባቸዋል። እንሰት እኮ እንደ ጎመን አይደለም። ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የሦስት ዓመት ተክል በአንድ ቀን ሲበላ አስቡት።

እሳቸውም ከበርበሬው ትርፍ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጡ ገንዘብ አጠራቀሙ። እሾሃማ ሽቦ ገዝተው ጓሮውን በሦስት ዙር ሊያጥሩ ወሰኑ። ሜትር ተውሰው ጓሮውን ለኩት። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ወርዱ 18 ሜትር ሆነ። ልካቸው ትክክል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ገበያ ሲያልፉ እኔን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኙኝ። ደወል ተደውሏል፤ እኔም ወደ ክፍል እየሮጥኩ ነው።

«መምህር፣ ሃያ አራትና አሥራ ስምንት ሲደመር ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

«አርባ ሁለት ነው፣ እትዬ» አልኩና ገባሁ።

24 ሲደመር 18 እኩል ነው 42። ስሕተት አልነገርኳቸውም፤ አይደለም እንዴ? እሳቸውም ለሦስት ዙር ብለው 42ን በ3 አባዙ። 126 መጣ። ከትልቁ ጥቅል ላይ 126 ሜትር አስለክተው ገዙ፤ በጋሪ አስጭነው ወደ ቤት ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«መምህር፣ ሽቦው ግማሽ ላይ አለቀ» አሉ።

መጀመሪያ ሻጩን ነበር የጠረጠሩት። «ሰርቆኛል» አሉ። አብረን ሄደን ሽቦውን ከአጥሩ ላይ በገመድ ለካነው። አንዱ ዙር 42 ሜትር፣ ሦስቱ ዙር 126 ሜትር። ሻጩ አልሰረቀም። ሽቦው ግን የሸፈነው ሁለት ጎን ብቻ ነው፤ አንድ ርዝመትና አንድ ወርድ። የቀሩት ሁለት ጎኖች ባዶ ናቸው። ሁለት ጎን የታጠረ ጓሮ ደግሞ ያልታጠረ ነው። ጥጃ ዞሮ ይገባል።

የተረፈ ገንዘብ አልነበራቸውም። ቀሪውን ሽቦ እስኪገዙ ሁለት ወር አለፈ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ጥጆቹ ሥራቸውን አላቆሙም።

እኔ የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ። «ለምን ፈለጉት፣ እትዬ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ የግማሽ ደቂቃ ነገር ነበር። አሁን በየትምህርቱ ላይ ይህን የማነሳው ስለዚህ ነው።

እሺ፤ ስሕተቱ የት ላይ ነው? እስቲ ደብተራችሁን አውጡ። አንድ አራት ማዕዘን ሣሉ። የበር ወይም የመጽሐፍ ገጽ ዓይነት ቅርጽ ይኑረው። አራት ጎን አለው። ሁለቱ ረጃጅም ናቸው፤ ሁለቱ አጫጭር ናቸው። ትይዩ የሆኑት ረጃጅሞቹ እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው። አጫጭሮቹም እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው። አራቱም ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። በትምህርት ቤት ይህን ቅርጽ ሬክታንግል ይሉታል። ረጅሙ ጎን ርዝመት፣ አጭሩ ጎን ወርድ ይባላል።

በላይኛው ረጅም ጎን ላይ 24 ብላችሁ ጻፉ። በታችኛው ረጅም ጎን ላይም 24 ጻፉ። በቀኙ አጭር ጎን ላይ 18፣ በግራውም 18 ጻፉ። ጻፋችሁ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲለካ ሁለት ጎን ብቻ ይለካል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ያውቃል። ሲደምር ደግሞ የለካውን ብቻ ይደምራል። ያልተለኩት ጎኖች ይረሳሉ።

ዙሪያ ማለት ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ወደተነሡበት ማዕዘን መመለስ ነው። እስቲ በጣታችሁ ሥዕሉን ዙሩት። 24፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 24፣ ከዚያ 18። አሁን ተመለሳችሁ። ደምሩት፦

24 + 18 + 24 + 18 = 84

የዚያች እናት ጓሮ ዙሪያው 84 ሜትር ነው።

አቋራጭ መንገድም አለ። ርዝመትና ወርድን ደምሩ፤ ከዚያ በ2 አባዙ።

24 + 18 = 42
42 × 2 = 84

ለምን በ2? እያንዳንዱ ጎን መንትያ ስላለው ነው። 42 የዙሪያው ግማሽ ነው። በገመድም ማየት ትችላላችሁ። ዙሪያውን ሙሉ የሸፈነውን ገመድ አንሡና ሁለቱን ጫፍ አገናኝታችሁ እጠፉት። እጥፉ አንድ ርዝመትና አንድ ወርድ ይሆናል። እትዬ የገዙት ያን እጥፍ ነበር።

በነገራችን ላይ ፊደልና ቁጥር አብረው የሚሄዱት ዛሬ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የሚሰጠው ትምህርት ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ የጎረቤታችን ስልጥኛም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ያኔ በማሾ ብርሃን መደመር የተማሩ እናቶችና አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ከፊደሉ ይልቅ ስሌቱ ወዲያው ለገበያ እንደጠቀማቸው ይነግሯችኋል።

ወደ አጥራችን እንመለስ። አጥር በር አለው። በሩ 3 ሜትር ቢሆን በሩ ላይ ሽቦ አይወጠርም። ስለዚህ ከ84 ላይ 3 ቀንሱ፤ 81 ይቀራል። ሦስት ዙር ከሆነ 81 × 3 = 243 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። ሽቦው በቋሚው ላይ ሲጠመጠም ጥቂት ይበላል። ስለዚህ ትንሽ ጨምሮ መግዛት ነው።

ቋሚስ ስንት? ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ ቋሚ በየ3 ሜትሩ ብንተክል፣ 84ን ለ3 እናካፍላለን። 28 ይሆናል። 28 ቋሚ ይበቃል። በሩም በሁለት ቋሚዎች መካከል ባለች አንዲት ባለ 3 ሜትር ክፍተት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዙሮ የሚገጥም አጥር ከሆነ የቋሚው ቁጥርና የክፍተቱ ቁጥር እኩል ነው። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን እኩል አይደለም። 24 ሜትር ብቻ ብታጥሩ 8 ክፍተት ይኖራል፤ ቋሚው ግን 9 ነው። ካላመናችሁ አምስት ጣታችሁን ዘርጉና በጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቁጠሩ። አራት ነው።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ፊት ለፊቱ አይታጠርም። በጀፎረ በኩል ያለው ክፍት ይተዋል። እንግዲህ ሦስት ጎን ብቻ ነው የሚታጠረው። የፊቱ ወርድ 18 ቢሆን 24 + 18 + 24 = 66 ሜትር ይሆናል። ሥዕሉን የሣለ ሰው እዚህ አይሳሳትም። በቃሉ ቀመር የያዘ ሰው ግን 84 ይልና ገንዘቡን ያባክናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሣሉ። ሥዕሉ ማማር የለበትም።

ጀፎረን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ጀፎረ በጉራጌ መንደር በቤቶች ፊት ለፊት የሚዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። መስቀል ይከበርበታል፤ ሠርግ ይታለፍበታል፤ ለቅሶ ይቀመጥበታል፤ ሽማግሌ ይሰበሰብበታል። የማንም የግል አይደለም፤ የሁሉም ነው። አንድ ሰው አጥሩን ሲያድስ አንድ ሜትር ብቻ ወደ ጀፎረ ቢገፋ ምን ይሆናል? የጓሮው ርዝመት ከ24 ወደ 25 ይሄዳል። ዙሪያው 25 + 18 = 43፤ 43 × 2 = 86። ከ84 ወደ 86፤ ሁለት ሜትር ብቻ ጨመረ። «ምን አላት፤ ሁለት ሜትር ሽቦ ናት» ሊል ይችላል። ከጀፎረ የተወሰደው ግን 18 ሜትር ወርድ ያለውና አንድ ሜትር የሚሰፋ መሬት ነው። 18 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዐሥር ቤት እንዲህ ቢያደርግ 180 ካሬ ሜትር ሄደ። ሽቦ የሸጠ ነጋዴ አያውቀውም፤ ሽማግሌ ግን በዓይኑ ያውቀዋል።

«ካሬ ሜትር» አልኩ። ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ከዙሪያ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ዙሪያ የአጥር ነገር ነው፤ በሜትር ይለካል። ካሬ ሜትር ግን በአጥሩ ውስጥ ያለው መሬት ስፋት ነው። በየጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ሰሌን መሬቱ ላይ ብታነጥፉ ስንት ሰሌን ይይዛል? ይህን ለማወቅ ርዝመትን በወርድ ማባዛት ነው። የእትዬ ጓሮ 24 × 18 = 432 ካሬ ሜትር ነው።

ታዲያ ዙሪያው እኩል የሆነ መሬት ሁሉ ስፋቱም እኩል ነው? ብዙ ሰው ነው ይላል። አይደለም። በዚህ ብዙ ሰው ተጎድቷል።

ሁለት ወንድማማቾች ውርስ ሲከፋፈሉ አስቡ። 84 ሜትር የሆነ አንድ ገመድ አላቸው። ታላቁ በዚያ ገመድ 21 በ21 የሆነ መሬት ከበበ። ታናሹ በዚያው ገመድ 30 በ12 የሆነ መሬት ከበበ። ገመዱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ዙሪያቸው 84 ነው። «እኩል ተካፈልን» ብለው ተጨባበጡ። አሁን አባዙት።

21 × 21 = 441
30 × 12 = 360

ታናሹ 81 ካሬ ሜትር ጎደለበት። አንድ ትንሽ ቤት ከነደጁ የሚያርፍበት መሬት ነው። ማንም አልዋሸም፤ ገመዱም ትክክል ነው። መሬት እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ውስጡ ያንሳል። ዳርቻው ግን ያው ነው። ስለዚህ መሬት ስትካፈሉ፣ ስትገዙ ወይም ካርታ ስትቀበሉ ዙሪያውን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ሁለቱንም ጎን ጠይቁ።

ነገሩን ገልብጣችሁም ተመልከቱት። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲሆን ደንግጎ ነበር። 500 ካሬ ሜትር ሲባል ግን ስንት ዓይነት አለ! 25 በ20 ቢሆን 500 ነው። 50 በ10 ቢሆንም 500 ነው። የመጀመሪያው ዙሪያ 45 × 2 = 90 ሜትር ነው። የሁለተኛው 60 × 2 = 120 ሜትር ነው። መሬቱ እኩል ነው፤ የሁለተኛው ባለቤት ግን 30 ሜትር አጥር በላዩ ይጨመርበታል። በሦስት ዙር ሽቦ 90 ሜትር መሆኑ ነው። ቀጭን ቦታ አጥር ይበላል።

ገበሬ አድማጮቻችን ደግሞ ሄክታርን ታውቃላችሁ። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ መሬት አንድ ሄክታር ነው። ዙሪያው 400 ሜትር ነው። ጥማድ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ብዙ ጊዜ አራቱ አንድ ሄክታር ይሞላሉ ይባላል። 50 በ50 የሆነ ጥማድ ዙሪያው 200 ሜትር ነው። አያችሁ? መሬቱ ሩብ ሆነ፤ አጥሩ ግን ግማሽ እንጂ ሩብ አልሆነም። ትንሽ መሬት ያለው ሰው አጥር የሚከብደው ለዚህ ነው።

አሁን ማዕዘኑን እንዴት ቀጥ እንደምናደርግ ልንገራችሁና ወደ ልምምድ እንሂድ። ግንበኞች የሚያውቁት ዘዴ ነው። ከማዕዘኑ ተነሡና በአንዱ ጎን 3 ሜትር ለክታችሁ ችካል ምቱ። በሌላው ጎን 4 ሜትር ለክታችሁ ችካል ምቱ። በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ከ5 ካነሰ ጠቧል፤ ከበለጠ ተከፍቷል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆን አለባቸው። የእትዬ ጓሮ ሁለቱም ሰያፍ 30 ሜትር መጣ። እሳቸው ደስ አላቸው፤ እኔ ከእሳቸው የበለጠ ደስ አለኝ።

ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ሽቦው አስቀድሞ በእጃችሁ ቢሆንስ? 60 ሜትር ሽቦ አለ እንበል፤ አንድ ዙር ብቻ ነው የምታጥሩት። የችግኝ መደቡ ርዝመት 18 ሜትር እንዲሆን ትፈልጋላችሁ። ወርዱ ስንት ይሁን? 60ን ለ2 አካፍሉ፤ 30። ከ30 ላይ 18 ቀንሱ፤ 12። ወርዱ 12 ሜትር ነው። እስቲ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አረጋግጡ፦ 18 + 12 = 30፣ 30 × 2 = 60። ገጠመ።

አንዲት ማሳሰቢያ ቀረችኝ። ሜትርንና ሳንቲ ሜትርን አንድ ላይ አትደምሩ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 450 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቤት ቢያጋጥማችሁ፣ 6 + 450 ብላችሁ አትጻፉ። 6 ሜትሩን ወደ 600 ሳንቲ ሜትር ለውጡት። 600 + 450 = 1050፤ በ2 ሲባዛ 2100 ሳንቲ ሜትር፤ 21 ሜትር ማለት ነው።

የጉራጌ ባህላዊ ቤት ክብ ነው። ለክብ ቤት የዛሬው ስሌት አይሠራም፤ ጎን የለውምና። ለጊዜው በገመድ ዙራችሁ ለኩት። የክቡን ስሌት በሌላ ቀን እንመለስበታለን።

በሉ እንግዲህ፣ የሳምንቱን ሥራ ጻፉ። እርሳስ ያልያዛችሁ ጎረቤታችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፦ አንድ የቆርቆሮ ቤት ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ነው። ዙሪያው ስንት ነው?

ሁለተኛ፦ የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር ነው። ልጆች ዙሪያውን በኖራ ሊያሰምሩ ነው። ከዚያም ሜዳውን ለሁለት የሚከፍለውን የመሐሉን መስመር ያሰምራሉ። በጠቅላላው ስንት ሜትር ያሰምራሉ?

ሦስተኛ፦ አንድ ሰው 40 በ10 የሆነ ቦታ አለው። ሌላው 25 በ25 የሆነ ቦታ አለው። የሁለቱንም ዙሪያ ፈልጉ። ከዚያ ሁለቱ ቢለዋወጡ ማን እንደሚጎዳ በቡድናችሁ ተነጋገሩ።

አራተኛው ሥራ በመጽሐፍ የለም። የራሳችሁን ጓሮ ወይም የምትማሩበትን ክፍል ለኩ። ሁለት ሆናችሁ ለኩ፤ አንዱ ገመዱን ይያዝ፤ ሌላው ይጻፍ። ሥዕል ሣሉ። በአራቱም ጎን ላይ ቁጥር ጻፉ፤ በሁለቱ ብቻ አይደለም።

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እናያለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልኝ።